ዘጠኝ ካሬ

ሰፈር ውስጥ «ብልጭታ» ይሉኛል። በያጅ ስለሆንኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቱግ ስለምል ነው። ባለቤቴማ «አንተን ለማንደድ ክብሪት አያስፈልግም፣ ሰላም ማለት ይበቃል» ትላለች። አጋነነች። ሰላም ስላሉኝ አልናደድም፤ የምናደደው ብየዳ ላይ እያለሁ ሰላም ሲሉኝ ነው።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የግብር ወረቀቱ የመጣ ዕለት ምን እንደሆንኩ እንድትገምቱት ነው። ፖስታውን ቀድጄ ቁጥሩን አየሁ። ሃምሳ አራት ሺህ አራት መቶ። የአንድ ዓመት የቤት ግብር! በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ቅጣት ይጨመራል፣ ከዚያም ካለፈ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። በእጄ የነበረውን መዶሻ ወረወርኩት። መዶሻው ሄዶ ሄዶ የራሴኑ ባልዲ በሳው።

ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ብሎኬቱን አንድ በአንድ ደርድሬ፣ ጣሪያውን ራሴ መትቼ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሆና ሲሚንቶውን ውሃ እያጠጣች የቆመ ቤት ነው። እሱ ከተሸጠ የምገባበት የለኝም፤ የምሠራበትም የለኝም፣ ሥራዬም እዚያው ግቢ ውስጥ ነውና። ከቤቱ ፊት ለፊት ሰፊ የብረት ጥላ አቁሜ ከሥሩ እበይዳለሁ።

ጣጣው የመጣው ደግሞ ከዚሁ ከብረቱ ነው። እኔ ማስታወቂያ አላስነግርም፤ ማስታወቂያዬ ቤቴ ነው። የግቢው በር ከላይ እስከ ታች አበባ የተበየደበት ነው። የመስኮቶቹ ፍርግርግ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። የጥላው ምሰሶዎች ደግሞ ወፋፍራም፣ ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሚኒስትር የሚቀመጥበት ነው የሚመስለው። ደንበኛ ገና ከመንገድ ሲያየው አፉን ይከፍታል። ለካ የግብር ለኪም ሲያየው አፉን ይከፍታል! ከሁለት ወር በፊት ከግብር ቢሮ የመጣው ለኪ በራፌ ላይ ቆሞ «የሚገርም ቤት ነው» ሲለኝ፣ እኔ ጅሉ ደረቴን ነፍቼ አመሰገንኩት። እሱ ለካ እያደነቀ «አንደኛ ደረጃ» ብሎ ይጽፋል። የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሊሾ ወለል፣ አንደኛ ደረጃ!

ያም ሳያንስ ከቤቱ ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። አምና የባለቤቴ እናት ከኛ ጋር ሊኖሩ ሲመጡ የሠራሁላቸው ናት። ለኪው ወደዚያ መራመድ ሲጀምር ቀደም አልኩና «እሱ ክፍል አይደለም፣ ቁርጥራጭ ብረት የምጥልበት ነው። እግርህን እንዳይቆርጥህ» አልኩት። አመነኝና ተመለሰ። ቅጹ ላይ ፈረምኩለት። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ብቻዬን ስስቅ ነበር፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

እንግዲህ ወረቀቱ መጣ። ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ «ይህማ ስህተት አለበት፣ ቅሬታ አቅርብ» አለችኝ።

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«አይሆንም አልኩ እኮ!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቅሬታ ካቀረብኩ እንደገና ሊለኩ ይመጣሉ። እንደገና ከለኩ ክፍሏን ያገኟታል። ክፍሏን ካገኟት ደግሞ ፊርማዬ ያረፈበት ውሸት ይወጣል። ይህን ለሚስቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? እናትሽን ቁርጥራጭ ብረት አድርጌያቸው ነበር ልበላት? ዝም አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ብረት ስደበድብ ከረምኩ። ጎረቤቴ መለዋወጫ ሻጩ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «አንተ ደግሞ ምን ያስጨንቅሃል፣ ለለኪው ሸጎጥ አድርግለትና ቁጥሩ ይቀንሳል» አለኝ። የምሸጉጠው ቢኖረኝ ኖሮ ምን ያስጨንቀኝ ነበር?

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ምሳ ላይ መበያጃ ማሽኔን ልሸጥ እንደወሰንኩ ለባለቤቴ ነገርኳት። ማሽን የሌለው በያጅ ምን እንደሚባል እንኳ አላውቅም። እሷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አማቴ ማኘካቸውን አቆሙ።

ስለ አማቴ የማውቀው ጥቂት ነበር። አጭር ናቸው፣ አንድ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብዙ አይናገሩም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማዘጋጃ ቤት ይሠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ፋይል ያስቀምጡ፣ ማህተም ይምቱ፣ ጠይቄያቸው አላውቅም። አማትና የኤሌክትሪክ ሽቦ በሩቁ ነው የሚከበሩት።

«እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ማንበብ ጀመሩ።

«እማማ፣ በዚያ በኩል አይደለም። ቁጥሩ ያለው ከፊት ነው።»

«ቁጥሩንማ ታውቀዋለህ። ጀርባውን አንብበኸዋል?»

ጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ ጢም ብሎ የሞላ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ጽሑፍ መሆኑን ራሱ ልብ አላልኩትም፤ ጌጥ ነበር የመሰለኝ። አማቴ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያሳለፉ አነበቡት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲጨርሱ «ስንት ቀን ቀረን?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። ይሁን፣ ይበቃናል» ብለው ተነሡ።

ወጥተው ከቤቱ ጥግ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በግድግዳው ጎን መራመድ ጀመሩ። ያ የሚያማቸው ጉልበት እንኳ ያን ጊዜ አላስነከሳቸውም። አንዱ እርምጃ ካንዱ አይረዝም፣ አያጥርም። ሌላኛው ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ዘጠኝ ሜትር» አሉ።

ሳቄን ዋጥኩ። በሴንቲ ሜትር የምኖር ሰው ነኝ፤ በእግር ልኬት አላምንም። እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ብዬ ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁ። ዘጠኝ ሜትር ከሁለት ሴንቲ።

«ሁለቷ ልስን ናት» አሉ አማቴ ዞር ሳይሉ። «ስትለስን አወፍረኸዋል። በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያን ልስን ያወፈርኩት ግድግዳው ትንሽ ጠምሞብኝ ያንን ለመሸፈን ነበር። ይህን ከኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«እማማ፣ ማዘጋጃ ቤት ምን ነበር የሚሠሩት?»

«ቤት ለካሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ይህ ጉልበት የሄደው በምን ይመስልሃል?»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በቃል መግለጽ ይቸግረኛል። እኔ ሙያተኛ ሰው ነኝ፤ ሙያ ሳይ አውቃለሁ። በእግራቸው ለኩ፣ ከዚያ በሜትር ለኩ፤ «እግር ለራስ ማወቂያ ነው፣ ለማስረጃ ሜትር ያስፈልጋል» አሉኝ። የድሮ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል ገልብጠው፣ የኔን የብረት ማዕዘን ማስመሪያ ተውሰው ቤቴን ሳሉት። እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ መስኮት፣ የግድግዳው ውፍረት ሳይቀር። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ቤት በአንዲት ወረቀት ላይ ቁጭ አለ። ፈዝዤ ቀረሁ። ምን ያህል ጊዜ ቆሜ እንዳየሁት አላውቅም።

«ጥላህ ግድግዳ አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«እነሱ ግን ስልሳ አራት ካሬ ብለው ከቤቱ ጋር ደምረውታል። ግድግዳ የሌለው ክፍል አይባልም፤ ይኸው እዚህ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ደረጃም የሚወጣው በግድግዳ፣ በጣሪያና በወለል ነው። በአበባ አይወጣም። ቤትህ ሦስተኛ ደረጃ ነው።»

ቤትህ ሦስተኛ ደረጃ ነው ተብዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠመኔ አንስቼ ላሜራ ላይ አሰላሁ። የቤቱ ሰባ ሁለት ካሬ፣ በሦስተኛ ደረጃ ዋጋ በካሬ ሁለት መቶ ሃያ ብር። ቁጥሩ ቁልቁል ሲወርድ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መበያጃዬ ተረፈ! ቤቴ ተረፈ!

«ሰባ ሁለት አይደለም» አሉ አማቴ። «ሰማንያ አንድ ነው።»

«የምን ሰማንያ አንድ?»

«ዘጠኝ ካሬ ቀርቷል። የኔ ክፍል።»

በቃ፣ ነደድኩ። «እማማ፣ ምን ነካዎት? እነሱ ያላዩትን ጠርቶ ማሳየት ምን የሚሉት ነገር ነው? ወድቄ ስነሣ መልሰው ሊደፉኝ ነው እንዴ? ይህ እኮ ጅልነት ነው!» ድምፄ መንገድ ድረስ ተሰማ። ባለቤቴ ከቤት ብቅ ብላ «አንተ! በእናቴ ላይ ነው እንዴ የምትጮኸው?» አለች።

አማቴ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው መለሷት። ኤሌክትሮድ የያዘው ሳጥን ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ጉልበታቸውን እያሹ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲህ አሉኝ።

«ለኪው የመጣ ቀን ውስጥ ነበርኩ።»

ጠመኔውን ላሜራው ላይ አስቀመጥኩ።

«ቁርጥራጭ ብረት ነው ስትለው ሰምቼሃለሁ። ሳል ይዞኝ ነበር። እንዳላዋርድህ ብዬ አፌን በትራስ አፍኜ እስኪሄድ ጠበቅኩ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወጥተዋል ብዬ ነበር እኮ! «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አልኩ።

«ይቅርታው ይደርሳል። አሁን ስለ ግብር ነው የምናወራው» አሉ። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ነው ያንተ ነገር። ዘጠኝ ካሬ ሸሽገህ ስትጠብቅ ስልሳ አራት ካሬ ጫኑብህ። አሥራ ዘጠኝ ቀን አፍህን የዘጋብህ ማን ነው? ዘጠኟ ናት። ቤትህን ልትሸጥብህ የነበረችው እሷ ናት።»

ወረቀቱን ገልብጠው በጣታቸው አሳዩኝ። ሸሽጎ የተያዘ ሰው የዓመቱን ግብር እጥፍ ይከፍላል። ሳይያዝ ራሱ ያስታወቀ ግን የሸሸገውን ክፍል ግብር ግማሽ ብቻ ይቀጣል። በኔ ሒሳብ ዘጠኝ መቶ ዘጠና መሆኑ ነው። አንድ መስኮት በይጄ የማገኘው!

«ግብርህን ማሳነስ ነውር አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ሕጉ ከሚጠይቅህ በላይ አንዲት ሳንቲም አትስጥ። ከሚጠይቅህ በታችም አትስጥ። ነገሩ ሒሳብ ነው፣ ጀግንነት የለበትም።»

በነጋታው ደግሞ የብረትና የኤሌክትሮድ ደረሰኞቼን ጠየቁኝ። አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቄያቸው ነበር፤ ግማሹ በዘይት ተነክሯል። አማቴ አንድ በአንድ እየዘረጉ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀሏቸው። ደንበኞቼ ያን ሳምንት ግቢያችን ሲገቡ በልብስ ፋንታ ደረሰኝ ተሰቅሎ ሲያዩ ምን እንዳሉ አትጠይቁኝ። ለካ የገቢ ግብሬን በየዓመቱ በግምት የሚቆርጡብኝ ወጪዬን የማሳይበት ስለሌለኝ ነው። «ደረሰኝ ያልያዘን ግምት ይይዘዋል» አሉኝና በየወሩ ለይተው አሰሩልኝ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከጓሮዬ ተቀምጦ፣ እኔ ዓመት ሙሉ «እማማ፣ እንደምን አደሩ» እያልኩ ብቻ ማለፌ ራሴን አስገረመኝ።

ቅሬታውን አስገባን። የቅሬታ ሰሚዋ ኃላፊ በስድስተኛው ቀን ጠሩን። የግብር ቢሮው መተላለፊያ ረጅም ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወረቀት ታቅፎ በር በሩን ያያል። ደረጃውን ስንወጣ አማቴ ክንዴን ይዘው «የሚያምህን አስቀድም» አሉኝ።

«ከጥላው ብጀምር አይሻልም?»

«ጥላው አያምህም።»

ኃላፊዋ መነጽር ያደረጉ፣ ፈገግታ የማያባክኑ ሴት ናቸው። ያ ለኪ አጠገባቸው ተቀምጧል። ከባለንብረቱ በቀር መናገር አይቻልም ተባለና አማቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ እንግዲህ ተናግሬ ሰው ሳላስቀይም የማልውል ሰው፣ ስለ ቤቴ ልከራከር ብቻዬን ቆምኩ።

«መጀመሪያ» አልኩ፣ «የሸሸግኩት ክፍል አለ።»

ለኪው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ቁርጥራጭ ብረት ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ዋሽቼህ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አጭር ነገር ተናግሬ አላውቅም። ኃላፊዋ ብዕራቸውን አነሡ።

«ማን ይኖርበታል?»

«የሚስቴ እናት። እኚያ ከኋላ የተቀመጡት።»

«ለኪው የመጣ ቀን እሳቸው የት ነበሩ?»

«ውስጥ ነበሩ። እኔ አላወቅኩም ነበር። ግን ውስጥ ነበሩ።»

ኃላፊዋ ወደ አማቴ ተመለከቱ፣ ከዚያ ጻፉ፣ ከዚያም «ይቀጥሉ» አሉኝ። ጥላውን ነገርኳቸው። ደረጃውን ነገርኳቸው። የአማቴን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ለኪው ንድፉን በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገና «አንዴ የዋሸ ሁለተኛም ይዋሻል። ይህን ማን ያምናል?» አለ። ደሜ ፈላ። ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን ብናገረው ኖሮ ዛሬ ይህን የምነግራችሁ ከኪራይ ቤት ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ብታየኝ ኖሮ ታመመ ብላ ሐኪም ትጠራ ነበር።

ኃላፊዋ ንድፉን ሳቡና «ነገ ጠዋት ራሴ መጥቼ አያለሁ» አሉ። «ከዚያችው ከክፍሏ ነው የምንጀምረው። ያስመዘገባችሁት ከትክክለኛው አንሶ ከተገኘ፣ ይህን ሁሉ እንደ ውሸት እቆጥረዋለሁ።»

ጠዋት መጡ። ለኪው ሜትሩን ይዞ እየተጣደፈ ወደ ጓሮ ሄደ። የክፍሏን በር ከፍቶ ገባ። አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮት ላይ የተሰቀለ መጋረጃ፣ ሌላ ነገር የላትም። ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋ። ጻፈ። እንደገና ዘረጋ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ሁለት ሜትር ከስድሳ በሁለት ሜትር ከስድሳ! ስድስት ካሬ ከሰባ ስድስት ነው! እነሱ ዘጠኝ ነው ያሉት። አላልኩም? ንድፋቸው ስህተት ነው።»

ኃላፊዋ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ያነሰው ለእናንተ ይጠቅማል። በስድስት ከሰባ ስድስት ልጻፈው?»

አልዋሻችሁም፣ «አዎ» የሚለው ቃል ጥርሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ስድስት ያልነው እኛ አይደለን፣ እነሱ ናቸው! ለክተውም የጻፉት እነሱ! ሕጋዊ ስጦታ ነው ብዬ ለራሴ አሳምሬ ጨርሻለሁ። አፌን ልከፍት ስል አማቴ ከበሩ ተናገሩ።

«ከውስጥ ለካኸው ልጄ» አሉት ለኪውን፣ ልክ የገዛ ልጃቸውን እንደሚያርሙ። «ቤት የሚለካው ከውጭ ወደ ውጭ ነው። የግድግዳውን ውፍረት ተውከው። በየጎኑ ሃያ ሴንቲ ጨምር።»

ለኪው ፊቱ ቀላ። ወጥቶ በውጭ በኩል ዘረጋ። ሦስት ሜትር። ዞሮ በሌላው ጎን ዘረጋ። ሦስት ሜትር። አላመነም መሰል፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋ። ዘጠኝ ካሬ፤ አንዲት ጣት አልጎደለም፣ አልበለጠም። እኔ ክፍሏን የሠራሁት ሰውዬ፣ ያን ያህል ልክ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ኃላፊዋ አማቴን ረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። ከዚያ ንድፉን። ከዚያ እንደገና አማቴን።

«እርስዎ ነዎት የሳሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«በራስዎ ላይ ነው እኮ የጨመሩት።»

«አልጨመርኩም። ያለውን ነው የተናገርኩት» አሉ አማቴ።

ኃላፊዋ ፋይሉን ዘጉ። «የቀረውን አልለካም። እዚህ ወረቀት ላይ እንዳለው ይጻፍ።»

«ጥላውስ?» አለ ለኪው።

«ጥላው ግድግዳ የለውም። ለዚህ ሜትር አያስፈልገኝም፣ ዓይን አለኝ።»

ሰማንያ አንድ ካሬ፣ ሦስተኛ ደረጃ፣ የክፍሏ ቅጣት ተጨምሮ አሥራ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ አሥር። በሁለት ጊዜ ክፍያ። እዚያው ፈረምኩ፤ በዚህኛው ፊርማ ሥር የተሸሸገ ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ገብታ አለቀሰች። እኔም አልቀረሁም፣ ጭስ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ፣ ማሽኑ ግን ጠፍቶ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ አማቴ ክፍላቸው ደፍ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። የሳቸውን ሥራ የሚያህል ሙያ በዕድሜዬ አላየሁም፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝ አለ፣ ሳልጠይቅ ማደር አልቻልኩም።

«እማማ፣ ሁለት ካሬ ከምናምን ነበረች። ስህተቱ የሱ ነበር። ዝም ቢሉ ቅጣት የለው፣ ኃጢአት የለው። እሺ ሴትዮዋ ባያምኑንስ ኖሮ? ከዚያ በኋላ መለካት እንደሚያቆሙ እንዴት አወቁ?»

«እሱን አላወቅኩም» አሉ። «እንዴት አውቃለሁ?»

ጉልበታቸውን አሹ። ለኪው ሜትሩን የዘረጋበትን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስለካ እኔ የኖርኩት በኪራይ ነው። ሰባት ክፍል ቀያይሬያለሁ። ለኪ በመጣ ቁጥር አከራዮቼ ዕቃ ቤት ነው ይሉታል፣ እኔም እንዳያስወጡኝ ዝም እላለሁ። ሰባቱም መዝገብ ላይ የሉም። ሚስትህን ያሳደግኳት በሌለ ቤት ውስጥ ነው። የምኖርበት ክፍል ሲለካ ዛሬ ገና ማየቴ ነው ልጄ፤ ታዲያ ለምን ይጉደልብኝ?»